«ኢንደሚክ» የሚለው ቃል፦ ለጓሳ ጭላዳና ለሸዋ ሮቢት ወባ አንድ ቃል እንዴት ይሆናል?

ጥያቄው፦ «መሐል ሜዳ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ስለ መንዝ ጓሳ ደጋ እንስሳትና ዕፅዋት የግድግዳ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ ጭላዳ ኢንደሚክ ነው ሲባል በኢትዮጵያ ብቻ ይገኛል ማለት ነው ተብለናል፤ በጤና ትምህርት ደግሞ ወባ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ኢንደሚክ ነው ይባላል። ወባ በብዙ አገር ያለ በሽታ ሆኖ ሳለ አንድ ቃል እንዴት ለሁለቱም ይሆናል? ቃሉስ ከየት መጣ? በአማርኛ ‹ብርቅዬ› ብለን ብንጽፈው ትክክል ነው? የጓሳ ሳሩንስ ኢንደሚክ ልንለው እንችላለን?»

የተከበሩ መምህር፣

ተማሪዎ ያነሳችው ጥያቄ ብዙ የተማረ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነውና፣ አጭሩን መልስ ካስቀደምሁ በኋላ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎት። ሁለቱም አባባሎች ትክክል ናቸው፤ ቃሉም አንድ ነው። ልዩነቱ የመጣው ሁለት ሙያዎች ከአንዱ ቃል የተለያየ ነገር በመያዛቸው ነው። ሐኪሙ «ይህ በሽታ በዚህ አካባቢ ኢንደሚክ ነው» ሲል በሽታው እዚያ ሰፍሮ የኖረ ነው ማለቱ ሲሆን፣ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር ምንም አልተናገረም። የሥነ ሕይወት ባለሙያው ግን «ይህ እንስሳ ለዚህ አገር ኢንደሚክ ነው» ሲል እንስሳው በተፈጥሮው እዚህ ይኖራል፣ ከዚህ ውጭ ግን የትም የለም ማለቱ ነው። ነዋሪ የመሆንን ሐሳብ ሁለቱም ይጋራሉ፤ «ብቻ» የሚለውን የጨመረው ሁለተኛው ነው።

ቃሉ በግሪክኛ «ኤንዴሞስ» ነበር። «ኤን» ማለት «በ… ውስጥ» ማለት ነው፤ «ዴሞስ» ደግሞ ሕዝብንም ሕዝቡ የሚኖርበትን ምድርም የሚጠራ ስም ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ እኛም «አገር ምን ይለኛል» ስንል ሰዉን፣ «አገሬ መንዝ ነው» ስንል ምድሩን ማለታችን ነውና። በአቴና ዙሪያ የነበሩት መንደሮች እያንዳንዳቸው ዴሞስ ይባሉ ነበር፤ ክሌስቴኔስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ዓመት ገደማ የአቴናን አስተዳደር እንደ አዲስ ሲያደራጅ ዜጋው የሚመዘገበው በእነዚህ መንደሮች ሆነ። «ዲሞክራሲ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለውም ይኸው ዴሞስ ነው። እንግዲህ ኤንዴሞስ የሚባለው በአገሩ፣ በወገኑ መካከል ያለ ሰው ሲሆን፣ ተቃራኒው «ኤክዴሞስ»፣ ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ያለ ሰው ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ የወጡት ግሶች በሐዲስ ኪዳን ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 6 ላይ በሥጋ ማደርንና ከጌታ ተለይቶ በስደት መኖርን ሲያነጻጽር ግሪክኛው የሚጠቀመው በእነዚሁ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያውን «ማደር» በሚል መተርጎሙ የቃሉን ጥንታዊ መንፈስ በደንብ ያሳያል። በአገሩ የሚያድር ሰው በአገሩ አለ ማለት እንጂ፣ እንደ እርሱ ያለ ሰው ሌላ አገር የለም ማለት አይደለም።

ወደ ሕክምናው የገባውም በዚሁ ትርጉሙ ነው። የጥንት ግሪኮች ከውጭ መጥቶ በሕዝብ መካከል የሚሰነብተውን ነገር «ኤፒዴሞስ» ይሉት ነበር፤ በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት የሕክምና ጽሑፎች መካከል ሰባቱ መጻሕፍት ርዕሳቸው ከዚህ ቃል የወጣ ነው፤ በውስጣቸውም እንደ ታሶስ ባሉ ከተሞች በየትኛው ወቅት የትኛው ሕመም እንደ ታየ ሐኪሙ እየተከታተለ መዝግቧል። ዛሬ ወረርሽኝ የምንለውን በሽታ የውጭዎቹ ቋንቋዎች «ኤፒደሚክ» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። «ፓን» ማለት «ሁሉ» ነውና፣ ሁሉን ሕዝብ የሚያዳርሰው ደግሞ «ፓንደሚክ» ተባለ። ከሁለቱ የሚለየው፣ መጥቶ የማይሄደው፣ ከአገሩ ጋር የኖረው በሽታ ኢንደሚክ ሆነ።

የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ልዩነት በአንድ መንገድ ላይ ያየዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ቆላ ወርዷል። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሰውነት ውስጥ አድጎ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ ሙቀት ይፈልጋል፤ የአየሩ ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለው ወሰን በታች ሲሆን ዕድገቱ ይቆማል፣ ወይም ትንኟ ከምትኖርበት ዕድሜ በላይ ይዘገያል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ የወባ ሕመምተኛ ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ ቆላ ወርዶ ይዞት የመጣ ነው፤ ከእርሱ ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ወደ ሌላው የሚቀጥል ሰንሰለት አይኖርም። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ከውጭ ማንም ይዞት ባይመጣም ሰንሰለቱ ከዓመት ዓመት በራሱ ይቀጥላል። ለሐኪሙ «ኢንደሚክ» ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ኢንደሚክ በሽታ ሁልጊዜ በአንድ ልክ የሚሄድ ወይም ቀለል ያለ በሽታ አይደለም። በአገራችን ወባ ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፣ በሚያዝያና በግንቦትም በመጠኑ ከፍ ይላል፤ ከተለመደው መጠን አልፎ ሲነሣ ደግሞ እዚያው ኢንደሚክ በሆነበት ቦታ ወረርሽኝ ይሆናል። የኮሮና ቫይረስ «ኢንደሚክ እየሆነ ነው» በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው «አበቃለት» ብሎ የተረዳው የቃሉን ትርጉም ባለማወቅ ነበር። ቃሉ በሽታው መክረሙን ይናገራል እንጂ መድከሙን አይናገርም።

በሽታ ኢንደሚክ ለመሆን ተላላፊ መሆን እንኳ አያስፈልገውም። እንቅርት በደጋው አገር ኢንደሚክ ነው ይባላል፤ ምክንያቱ ዝናብና ጎርፍ ከተዳፋቱ አፈር ላይ አዮዲኑን አጥቦ በመውሰዱ እህሉም ውኃውም ለሰውነት የሚበቃ አዮዲን ማጣቱ ነው። በሽታው የምድሩ ነው፤ ሰው ከሰው አይይዘውም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ያስታውሱ። እንቅርት ከአገሩ ጋር የኖረው ነው፤ ጆሮ ደግፍ ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ መጥቶ የሚያልፈው ነው። አበው ኢንደሚኩንና ኤፒደሚኩን በአንድ አንገት ላይ አስቀምጠው አሳይተውናል፤ ለክፍልዎ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሥነ ሕይወቱ እንሂድ። ቃሉን ከሐኪሞች ተውሶ ለሕያዋን ሥርጭት ያዋለው የጄኔቫው የዕፅዋት ሊቅ ኦጉስታን ፒራሚስ ደ ካንዶል ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1820 ነው። ደ ካንዶል ስለ ዕፅዋት ጂኦግራፊ ሲጽፍ አንድ ነገር አስገርሞት ነበር፦ አንዳንድ የዕፅዋት ወገኖች ዝርያዎቻቸው ሁሉ በአንድ አገር ብቻ ተሰብስበው ሲገኙ፣ የሌሎቹ ዝርያዎች በዓለም ሁሉ ተበትነው ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹን ኢንደሚክ፣ ሁለተኛዎቹን «ስፖራዲክ» ብሎ ሰየማቸው፤ ሁለቱንም ስሞች ከሕክምና ቋንቋ በማመሳሰል እንደ ወሰዳቸው ራሱ ገልጿል። በሕክምናው ስፖራዲክ ማለት እዚህም እዚያም አልፎ አልፎ የሚታይ ሕመም ነው፤ «የተዘራ፣ የተበተነ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ስለዚህ በደ ካንዶል እጅ ኢንደሚክ የ«ተበታተነ» ተቃራኒ ሆነ፤ «በአንድ ስፍራ የተወሰነ» የሚለው ትርጉም የተወለደው ከዚህ ተቃርኖ ነው። የሐኪሞቹ ኢንደሚክ ተቃራኒው «መጥቶ የሚሄድ» ነበር፤ የዕፅዋት ሊቁ ተቃራኒውን ሲለውጥበት የቃሉም ትርጉም አብሮ ተለወጠ። የተማሪዎ ጥያቄ መልስ በዋናነት ይህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለግድግዳ ጽሑፍዎ በቀጥታ ይጠቅማል። በሥነ ሕይወት «ኢንደሚክ ነው» ብሎ ማቆም ያልተጨረሰ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ለየትኛው ስፍራ?» የሚለው ካልተመለሰ ቃሉ ምንም አልተናገረም። አንድ ዝርያ ለአንድ ተራራ፣ ለአንድ አገር ወይም ለአንድ አህጉር ኢንደሚክ ሊሆን ይችላል። ወሰኑንም የምናበጀው እኛ ነን። በጓሳም በአንኮበርም ገደል ላይ የሚያንዣብበውን፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለውን፣ መንቆረ ወፍራሙን ትልቅ ቁራ ይውሰዱ። ይህ ወፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋዎች ነዋሪ ነው። እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ በወፍ አጥኚዎች ዝርዝር ለኢትዮጵያ ብቻ የሚቆጠር ነበር፤ ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ወፉ ከኖረበት ገደል ሳይነቃነቅ ከዝርዝሩ ወጣ። ስለዚህ ጠንቃቃ ጸሐፊዎች እንደዚህ ያሉትን «የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋዎች ኢንደሚክ» ይሏቸዋል። ተፈጥሮ የምታውቀው ወሰን ደጋና ቆላን፣ ሸንተረርና ስምጥ ሸለቆን ነውና፣ እኔም ይህ አጻጻፍ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። የዕፅዋቱ ሥራም በዚህ መንገድ ነው የተሠራው፦ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ በስምንት ቅጽ የተጠናቀቀው ታላቁ የዕፅዋት መዝገብ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በአንድነት የያዘ ሲሆን፣ ከ6,000 ገደማ ዝርያዎች ውስጥ አንድ አሥረኛ ያህሉ በዚህ ምድር ብቻ የሚገኙ ናቸው።

ወሰኑ በእኛ እውቀት መጠንም ይሰፋል፣ ይጠባል። በ1976 እ.ኤ.አ. ጆን አሽ የተባለ የወፍ ተመራማሪ በአንኮበር አጠገብ በገደሉ አፋፍ ላይ አንዲት ትንሽ፣ ቡናማ፣ ዥንጉርጉር ዘር ለቃሚ ወፍ አገኘ፤ በ1979 ለሳይንስ ስትተዋወቅ የዝርያ ስሟ «አንኮበሬንሲስ»፣ የአንኮበር ማለት ሆነ። ለብዙ ዓመታት የምትታወቀው ከዚያው ከጠባቡ አፋፍ ብቻ ስለ ነበር ሰው ሁሉ የአንኮበር ኢንደሚክ አድርጎ ያያት ነበር። ኋላ ግን በሰሜን ተራሮችም ተገኘች። ዛሬም የኢትዮጵያ ኢንደሚክ ናት፤ የአንኮበር ብቻ ግን አይደለችም። «ሌላ ቦታ የለም» የሚለው ግማሽ ሁልጊዜ ሌላውን ቦታ የፈለገ ሰው መኖሩን የሚጠይቅ ነው፤ ስለዚህም በናሙና ላይ የሚጻፈው የቦታ፣ የከፍታና የቀን ማስታወሻ ለዚህ ቃል ሥሩ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ምኑ?» የሚለው ነው። ደ ካንዶል የተናገረው ስለ ወገኖች እንደ ነበር አይዘንጉ፤ ወገን የምለው ተቀራራቢ ዝርያዎችን በአንድ የመጀመሪያ ስም የሚያቅፈውን፣ ጂነስ የሚባለውን ደረጃ ነው። ቀይ ቀበሮ «ካኒስ ሲሜንሲስ» ይባላል፤ ካኒስ የሚለው ወገን ውሻንና ተኩላን የያዘ፣ በዓለም የተበተነ ነው፤ ኢንደሚክ የሆነው ዝርያው ብቻ ነው። ጭላዳ ግን «ቴሮፒቴከስ ጌላዳ» ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያለው የወገኑ ብቸኛ ዝርያ በመሆኑ ዝርያውም ወገኑም ለኢትዮጵያ ኢንደሚክ ናቸው። ጌላዳ የሚለው የእኛው «ጭላዳ» ነው፤ የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. እንስሳውን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ የአገሬውን ስም እንደ ሰማው ወሰደው። ቴሮፒቴከስ የሚለው ደግሞ ከግሪክኛ «ቴር»፣ አውሬ፣ እና «ፒቴኮስ»፣ ዝንጀሮ፣ የተገጣጠመ ነው።

የጭላዳ ነገር ብዙ ጊዜ ከሚነገረው በላይ ጥልቅ ነው፤ ለተማሪዎችዎ ቢያስረዱልኝ ደስ ይለኛል። ጭላዳ እዚህ ብቻ የቀረ እንጂ ወገኑ እዚህ ብቻ የነበረ አይደለም። የቴሮፒቴከስ ቅሪተ አካል በአፋር ሀዳር፣ በኬንያ ኦሎርጌሳይሊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በአልጄሪያ፣ ከአፍሪካም ውጭ በስፔንና በህንድ ተገኝቷል። ዘመዶቹ በሌላው ምድር ሁሉ ጠፍተው እርሱ በደጋው ተረፈ። ለምን እዚህ እንደ ተረፈ ለማየት ጓሳ ላይ ጥቂት ቆሞ እጁን መመልከት ይበቃል፦ በቂጡ ተቀምጦ፣ በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ የሳሩን ቅጠል አንድ በአንድ እየነቀለ በመዳፉ ያጠራቅማል፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ያደርገዋል፣ ሳይነሣም ተንፏቆ ወደ ሚቀጥለው ሳር ይጠጋል። ምግቡ በአብዛኛው ሳር ነው፤ ማደሪያውም ገደል ነው። ሜዳና ገደል በአንድነት የሚገኙት በደጋችን ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ቆላ ደግሞ እንደ ባሕር ሆኖ አጥሮታል። እንዲህ ዓይነቱን፣ ቀድሞ ሰፊ የነበረውን የጥንት ወገን ቅሪት፣ ሊቃውንት ፓሊዮኢንደሚክ፣ ማለትም የጥንት ኢንደሚክ ይሉታል። በሌላ በኩል በቅርብ ዘመን በአንድ ስፍራ ተነጥሎ የተለየና ገና ያልተስፋፋ ዝርያ አዲስ ኢንደሚክ ይባላል። ቃሉ አንድ ሆኖ ታሪኩ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የመጥበብ፣ ሌላው የመወለድ ታሪክ ነው።

ስለ ሳይንሳዊ ስሞች አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ ምክንያቱም መምህራንም አስጎብኚዎችም በዚህ ሲሳሳቱ አያለሁ። በስሙ ውስጥ «አቢሲኒካ» ያለበት ዕፅ ሁሉ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ኮሶ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ነው፤ ነገር ግን በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በሩዋንዳ፣ ወደ ደቡብም እስከ ማላዊና ዛምቢያ ተራሮች ይበቅላል። ስሙ የሚናገረው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸበትን ናሙና ወይም የሰያሚውን ግምት ነው። ቀይ ቀበሮም «የሰሜን» ተብሎ በመንዝ፣ በአርሲና በባሌ ይኖራል፤ አብዛኛው ያለውም ባሌ ነው። ቡና ደግሞ ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «አራቢካ» ብሎ የዓረብ ምድር ስም ሰጠው፤ የዱር ቡና ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ልጅ ነው፣ በደቡብ ሱዳን ቦማ አምባም ይገኛል። በመጠኑ ጠበቅ ብለን ከተናገርን እንግዲህ ቡና የኢትዮጵያ ኢንደሚክ አይባልም፤ የትውልድ አገሩ እዚህ ነው ይባላል።

«ብርቅዬ» ስለሚለው ቃል። ለዓመታት በመጻሕፍትም በብዙኃን መገናኛም ኢንደሚክን ተክቶ ሲሠራ ቆይቷልና ስሕተት ነው ብዬ ልከለክልዎት አልችልም። ሆኖም ለክፍል አልመርጠውም። ብርቅ የሚባለው በቀላሉ የማይታይ፣ ጥቂት የሆነ፣ ስለዚህም የሚደነቅበት ነገር ነው። ጓሳ ላይ ግን ጭላዳው በመቶዎች ሆኖ ሜዳውን ሲሸፍነው ይታያል፤ ኢንደሚክ ነው እንጂ ብርቅ አይደለም። በተቃራኒው አንበሳ ዛሬ በአገራችን ብርቅ ነው፤ ነገር ግን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ስለሚኖር ኢንደሚክ አይደለም። ሁለቱ በአንድ እንስሳ ላይ የሚገናኙበት ጊዜ አለ፤ ቀይ ቀበሮ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፣ ያለውም አዋቂ ቁጥር ከ500 ያነሰ ነው፤ እርሱን ብርቅዬ ቢሉት በሁለቱም መንገድ እውነት ተናግረዋል። ቃሉ ሁለቱን ሐሳቦች ስለሚያቀላቅል ግን ተማሪው «ብዙ ካለ ኢንደሚክ አይደለም» ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል፤ ጥበቃ የሚያስፈልገውም ጥቂት የሆነው ብቻ ይመስለዋል። ዛሬ በብዛት ያለ እንስሳ ያለው በአንድ ደጋ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ደጋው ታርሶ ሲያልቅ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።

«አገር በቀል» የሚለውም በቦታው ይሁን። አገር በቀል ማለት ሰው ሳያመጣው በተፈጥሮው እዚህ የበቀለ ማለት ነው፤ የወፍ ዋሻ ጥድ አገር በቀል ነው፣ ይኸው የጥድ ዝርያ ግን በምሥራቅ አፍሪካና በዓረብ ምድር ተራሮችም ስላለ ኢንደሚክ አይደለም። ኢንደሚክ የሆነ ሁሉ አገር በቀል ነው፤ አገር በቀል የሆነ ሁሉ ግን ኢንደሚክ አይደለም። ጅብራ ሁለቱንም ነው፦ ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ እያበዛ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ግንድ አውጥቶ፣ ዘሩን ጥሎ የሚሞተው ይህ የውርጭ አገር ተክል በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ይገኛል። ደብረ ብርሃንን የከበበው ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ መጤ ነው። ይህም ዛፍ በበኩሉ ኢንደሚክ ነው፤ አገሩ ግን ታዝማኒያና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። የኢንደሚክነት ሚዛን የተፈጥሮ ሥርጭት ስለሆነ፣ ሰው በዓለም ሁሉ ቢተክለውም የትውልድ ወሰኑ አይለወጥም።

ስለዚህ በግድግዳው ላይ የባዕዱን ቃል ከጻፉት ሙሉ አድርገው «ለኢትዮጵያ ደጋዎች ኢንደሚክ የሆነ» ይበሉ፤ በአማርኛ ብቻ ከሆነ «በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ የሚኖር» የሚለው ግልጽና በቂ ነው። ለወባው «በአካባቢው ነባር የሆነ በሽታ» ቢሉ ሁለቱ ትርጉሞች በልጆቹ ዘንድ አይጋጩም።

የጓሳ ሳሩን በተመለከተ፣ «ኢንደሚክ» ብላችሁ እንዳትጽፉ እመክራለሁ፣ ለጊዜው። ሳሩ ፌስቱካ ከሚባለው ወገን ነው፤ ይህ ወገን በዓለም ብርዳማና ወይና ደጋ አገሮች ሁሉ የተበተነ ሲሆን፣ በእኛ ደጋ ካሉት ዝርያዎች መካከል በኬንያና በታንዛኒያ ተራሮችም የሚበቅሉ አሉ። የአገሬው ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚያጭደውን ሁሉ «ጓሳ» በሚል በአንድ ስም ይጠራዋል፤ ሳይንሱ ግን ዝርያ በዝርያ ነው የሚፈርደው። ተማሪዎችዎ ራሳቸው ሊያጣሩት ይችላሉ። ከአካባቢው የጥበቃ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ሳሩ ዘር ሲይዝ ከነሥሩና ከነራሱ ጥቂት ዘለላ ይውሰዱ፣ የጓሳ ዓይነቶች በቅጠላቸው ብቻ ተመሳስለው ስለሚያሳስቱ ራሱ የግድ ያስፈልጋል። በጋዜጣ መካከል ዘርግተው፣ ከበድ ያለ ነገር ጭነው፣ ጋዜጣውን በየቀኑ እየለወጡ ያድርቁት። በወረቀት ላይ የተገኘበትን ቦታ፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ መሬቱ ረግረግ ወይም ደረቅ መሆኑን፣ ገበሬው የሚጠራበትንም ስም ይጻፉ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ናሙና ማዕከል ይላኩት። ዝርያው ከታወቀ በኋላ «ብቻ» የሚለውን ቃል መጻፍ አለመጻፉ ከዚያ መዝገብ ላይ ይታያል።